የጠፈር መርከብ ናፍጣ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የእጅ ፍሬኑ የት ነው?» የሚል ነበር። አለቃችን ወይዘሪት ህሊና ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ታየኝ ነበር። «አቶ ደሳለኝ፣ የጠፈር መርከብ የእጅ ፍሬን የለውም» አለችኝ። «የእግሩስ?» አልኳት። እሱም የለውም። መቆም የፈለገ ሰው መርከቡን ፊቱን ወደ መጣበት አዙሮ ሞተሩን ይገፋል፤ ፍጥነቱ እስኪበርድ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ግማሽ ዕድሜዬን ፍሬኗ በጸሎት የሚይዝ ሚኒባስ ስለነዳሁ ነገሩ አልከበደኝም።

ሚኒባሷን ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ፍላቂት ነበር የምነዳት። ከማርጀቷ የተነሣ «አብያተ ክርስቲያናቱ ሲፈለፈሉ ጠጠሩን ያመላለሰችው እሷ ናት» ይባል ነበር። ወሬውን የፈጠርኩት እኔው ነኝ፤ እንግዶች ግን ፎቶ ያነሷት ነበር።

በኋላ እንግዳው ከከተማችን ጠፋ። ሆቴሎቹ ለዝንብ አልጋ ማንጠፍ ያዙ። በዚያ ዘመን ነው አንድ የአዲስ አበባ የጌም ድርጅት እዚህ ላሊበላ የፍተሻ ክፍል የከፈተው። የሚሠሩት ጌም በጠፈር መርከብ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ጭነት ማመላለስ ነው። ማስታወቂያው «ትዕግሥት ያለውና ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚያውቅ» ይላል። በላስታ ምድር ስለ ነዳጅ ቁጠባ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ፣ እሱ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ተቀጠርኩ። ሚኒባሷን ለቁራሌ ሸጥኳት፤ ቁራሌው ራሱ አዝኖላት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነን። ብርቄ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። እንግዳ ሲጠፋ ዐረብ አገር ልትሄድ ሻንጣዋን ዘግታ፣ ይህ ሥራ ሲገኝ መልሳ የፈታች ልጅ ናት። ሰይድ በወልድያ መንገድ ዳር ያደገ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ጎማ ሲፈታ ጎማው ራሱ ያግዘዋል። ሁለቱ «ፈታሽ» ይባላሉ፣ እኔ «ከፍተኛ ፈታሽ»። ከፍተኛ የተባልኩት በቁመት እንዳልሆነ ያየኝ ሁሉ ያውቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመርከቡን ታንክ ሙሉ ታደርጋለህ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጭነት ትጭናለህ፤ ጭነቱ ከተለያየ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ከመነሻው ጣቢያ እስከ ቀይዋ ፕላኔት ባለው የሙከራ መስመር ትነዳለህ፤ መጀመሪያ በግማሽ ግፊት፣ ቀጥሎ በሙሉ ግፊት። ስትደርስ የወሰደብህን ጊዜና ታንኩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ትመዘግባለህ። ከዚያ ትመለስና ያንኑ ትደግማለህ። ጓደኞችህ «ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ይውላል» ይሉሃል። አንድ ዳገት ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰው ተጫወተ ከተባለ፣ አዎ፣ እንጫወት ነበር።

ሦስታችንም በአንድ መስመር ላይ ስለምንነዳ መርከቦቻችን በስክሪኑ ላይ ይተያያሉ። መብራት በሄደ ቁጥር ጓሮ ያለውን ጀነሬተር እናስነሣለን። ስለዚህ በዓለም ላይ በቤንዚን ጠፈር የወጣን እኛ ብቻ ነን።

ቤቱን ያከራዩን አባ ክንፈ የሚባሉ ካህን ናቸው። አንድ ቀን ብቅ አሉና ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«ምንድን ነው ይህ ልጄ?»

«ጠፈር ነው አባቴ።»

«ሰማይ ማለት ነው?»

«ከሰማይ ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«ታዲያ ጫማችሁን አታወልቁም?»

ሰይድ «እኛም እናወልቃለን አባባ» ብሎ ወዲያው አወለቀ። ያን ቀን መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ዋልን።

ሥራው ለወራት እንደ ቅቤ ሄደ። ከዚያ አዲስ ሞተር መጣ። የድርጅቱ መሐንዲስ ከአሮጌው የሚፈጥንና ነዳጅ የሚቆጥብ ነው ብሎ የተመካበት ሞተር ነው። ከእሱ ጋር ደግሞ የሥዕል ክፍሉ መንገዱን ለማሳመር ብሎ እዚህም እዚያም ያስቀመጣቸው ነገሮች መጡ፦ የሚንሳፈፍ ድንጋይ፣ የተሰባበረ ጣቢያ፣ ነዳጅ አልቆባቸው የቆሙ መርከቦች።

መጀመሪያ ያያቸው ሰይድ ነው። መርከቧ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። በሬዲዮ የሰው ድምፅ ይሰማል፦ «የሚሰማን አለ? ነዳጅ አልቆብናል… የሚሰማን አለ?»

«አያ ደሳለኝ፣ ሰው ቆሟል» አለኝ።

«የት?»

«ከሁለተኛዋ ጨረቃ አለፍ ብሎ። ወላሂ ቤተሰብ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ቁም እንጂ!»

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ መንገድ የቆመ መኪና አይታለፍም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መንደሩ ሩቅ ነው፣ ዛሬ ያለፍከው ሹፌር ነገ አንተን ያልፍሃል። ከሰውየው ጋር ተጣልተህ ብትሆን እንኳ ቆመህ ክሪክ ታውሰዋለህ፤ ጠቡን ጎማው ከገባ በኋላ ትቀጥላለህ። ናፍጣ ካለቀበት በቱቦ ስበህ ታካፍለዋለህ። እኔ በዚህ መንገድ ከሳብኩት ናፍጣ የዋጥኩት ብቻ ቢሰበሰብ አንድ አውቶቡስ ጎንደር ያደርሳል።

ጌሙም ነዳጅ ማካፈያ ቁልፍ ነበረው። ሰይድ ዞሮ ገፋ፣ ቆመ፣ ቱቦውን ዘረጋ፣ ከታንኩ ቀነሰና ሰጠ። «እግዜር ይስጥልን!» አሉት በሬዲዮው። «አብሽሩ» አላቸው ስክሪኑን። ከዚያ እንደገና ተነሥቶ ሄደ። ብርቄም ቆመች። እኔም ቆምኩ። በየጉዞው፣ በየመርከቡ።

ይህን ለአዲስ አበባ አልነገርንም። ደብቀን አይደለም። ሰው በሪፖርቱ ላይ «መንገድ ላይ ሳለሁ ተነፈስኩ» ብሎ ይጽፋል?

ሪፖርታችን እንዲህ አለ፦ አዲሱ ሞተር ቀርፋፋ ነው፤ ነዳጅም ይጠጣል። መሐንዲሱ ደነገጠና ግፊቱን ጨመረለት። እንደገና ለካን። አሁንም ቀርፋፋ ነው፤ እንዲያውም ጥሙ ብሶበታል። መሐንዲሱ እንደገና ጨመረ። ሰውየው በዚያ ሰሞን ምግብ መብላት ትቷል አሉ፤ የሞተሩን ድርሻ ግን እየጨመረ ሄደ።

አንድ ጠዋት ህሊና ደወለች። ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አቶ ደሳለኝ፣ የአዲስ አበባ ፈታሾች ሞተሩን ገና እንደመጣ ለክተው ጥሩ ነው ይላሉ። እናንተ መጥፎ ነው ትላላችሁ። የሁለታችሁ ውጤት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።»

«እኛ የትኛው ነን? ሰማዩ ነን ምድሩ?»

አልሳቀችም። «የበላዮቼ የላሊበላው ክፍል ይዘጋ እያሉ ነው። የማይታመን ልኬት ለምን እንከፍልበታለን ይላሉ። መጥቼ በዓይኔ አይቼ እንድወስን ጠይቄያቸዋለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ብርቄ ፊቴን አይታ ሁሉም ገባት። «አያ ደሳለኝ፣ ሻንጣዬን ላውርደው?» አለችኝ። እሷ ወደ ዐረብ አገር፣ ሰይድ ወደ ጭነት መኪናው፣ እኔ ደግሞ ቁራሌው ወደ በላት ሚኒባሴ ልንመለስ ነው።

ህሊና በአውሮፕላን መጣች። በስክሪን ሳያት ረጅም ትመስለኝ ነበር፤ ከእኔም ታንሳለች። ይህ ትንሽ አጽናናኝ። ወንበር ስባ ከኋላችን ተቀመጠች። «እኔ እንደሌለሁ አድርጋችሁ እንደ ወትሮው ሥሩ» አለችን። አለቃ ከኋላህ ተቀምጦ እንደሌለ ማድረግ ጅብ ጎን ተኝቶ ማንኮራፋት ነው። ግን ጀመርን።

ሁሉን በደንቡ ሠራን። ታንኩ ሙሉ፣ ጭነቱ አንድ ዓይነት፣ ግፊቱ ግማሽ። ህሊና ራሷን እየነቀነቀች ታያለች። ሁለተኛዋን ጨረቃ እንዳለፍን ሬዲዮው «የሚሰማን አለ?» አለ። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ መርከባችንን አዞርን።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ህሊና።

«እየቆምን ነዋ» አልኩ።

«ለምን?»

«ሰው ቆሟል።»

«ማን ነው የቆመው?»

«እኛም አናውቃቸውም» አለ ሰይድ፣ ቱቦውን እየዘረጋ። «ነዳጅ አልቆባቸው ነው።»

ህሊና ከወንበሯ ተነሣች። «ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋላችሁ? በየልኬቱ?»

«አዲስ አበባ ያሉት አይቆሙም እንዴ?» አለች ብርቄ።

«አልፈዋቸው ነው የሚሄዱት! ሥዕል እኮ ናቸው!»

«አልፈዋቸው?» ብርቄ፣ ዓርብ ቀን ሥጋ ብላ እንደተባለ ሰው አየቻት።

ህሊና ተመልሳ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ ነገሩን አስረዳችን። በቆምን ቁጥር ለመቆም ነዳጅ እናቃጥላለን፣ ለሰው ነዳጅ እንሰጣለን፣ ለመነሣት ደግሞ እንደገና እናቃጥላለን። ያን ሁሉ በሞተሩ ስም ጽፈናል። መሐንዲሱ ያልታመመ ሞተር ሲያክም ከርሟል። ትክክል ነበረች። አንድ ሹፌር ለዘመድ የሰጠውን ናፍጣ «መኪናዋ ጠጣችው» ብሎ ለባለንብረት ቢነግር እኔ ራሴ ሌባ ነው የምለው።

«ከአሁን ጀምሮ ማንም ለማንም አይቆምም» አለች። «ትዕዛዝ ነው። እንዴት እንደሚታለፍ አሳያችኋለሁ። ሰይድ፣ አንተ ከኋላዬ ተከተለኝ።»

የእኔን ወንበር ያዘች። ጆይስቲኩን እስከ መጨረሻው ገፋችው፤ ሙሉ ግፊት። የመጀመሪያውን የቆመ መርከብ ዞር ብላ ሳታይ አለፈችው። ሁለተኛውንም አለፈች። «አያችሁ? ቀላል ነው» አለች። ሰይድ ከኋላዋ ሲያልፍ ዓይኑን በአንድ እጁ ጋርዶ ነበር። ብርቄ ለእያንዳንዱ መርከብ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላለች፣ ረዥም ወረፋ እንደጣሰ ሰው።

ህሊና የረሳችው አንድ ነገር ነበር። ሞተሩ የቀድሞው ሞተር አይደለም። በእኛ ሪፖርት የተነሣ መሐንዲሱ እየደጋገመ ግፊት ጨምሮበታል፤ የመጨረሻውን ጭማሪ በሙሉ ግፊት ገና ማንም አልሞከረውም። በሙሉ ግፊት ሲነዳ ነዳጁን እንደ ሠርግ ቤት ጠላ ይጨልጠዋል። ቀይዋ ፕላኔት ፊት ለፊት ትልቅ ሆና ታየች። መቆሚያው ደረሰ። ህሊና መርከቧን አዞረችና ለመቆም ጆይስቲኩን እንደገና ገፋችው። ምንም የለም። መለኪያው ባዶ ነው። ፕላኔቷን በጎኗ አልፋ ወደ ጨለማው ነጎደች።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ነዳጅ አለቀ» አልኩ።

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«እኛ ዘንድ ወደ መንገድ ዳር ወጥቶ እጅ ማውለብለብ ነው።»

ሰይድ በግማሽ ግፊት ስለነዳ ታንኩ ገና ደህና ነበር። አሁን ሙሉ ግፊት ሰጥቶ ከኋላዋ መጣ፣ ደረሰባት፣ አጠገቧ ሆነ። መብራቱን ብልጭ አደረገላት። አለፈ።

«ሰይድ!» አለች ህሊና።

«አቤት ወይዘሪት።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቄዎታለሁ።»

«ታዲያ አታየኝም?»

«ትዕዛዝዎ ነው ወይዘሪት። ማንም ለማንም አይቆምም።» ፊቱ ላይ አንዲት ፈገግታ የለችም፤ ከመኪና ረዳትነት የተረፈው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

የሰይድ መርከብ በስክሪኑ ላይ እያነሰች ሄደች። ህሊና አንዴ ሰይድን አንዴ ስክሪኑን ታያለች። ነዳጅ ካላገኘች የመርከቧ ጉዞ በሙሉ ሊሰረዝባት ነው። በመጨረሻ ያቺ የተማረች፣ የተረጋጋች ልጅ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችና እንደ ማንኛውም የፍላቂት ተሳፋሪ ጮኸች፦

«ኧረ ቁም! አንተ ልጅ፣ ኧረ ስለ ፈጠረህ ቁም!»

ሰይድ ዞሮ ገፋ። ቱቦውን ዘረጋላት። ብርቄ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከጀነሬተሩ ይልቅ የእሷ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ ህሊናም ሳቀች። እኔ ምን ያህል እንደሳቅሁ አልናገርም፤ ብናገር ማጋነን ነው ትላላችሁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሥራ ያዝን። ህሊና ለመሐንዲሱ ደውላ የጨመረውን ግፊት ሁሉ አስቀነሰችው። የመጀመሪያውን ሞተር መልሰን ጫንና ሳንቆም ለካነው። ውጤታችን ከአዲስ አበባው ጋር ገጠመ። ሞተሩ ሰውየው እንዳለው ጥሩ ነበር። ይቅርታ ልንጠይቀው ስንደውል ምሳ እየበላ አገኘነው፤ ደስ አለን።

ቀጥሎ ህሊና «አሁን ደግሞ እየቆማችሁ ለኩ» አለች። ለምን ብንላት፣ ጌሙን የሚገዛው ሰው ሁሉ የአዲስ አበባ ፈታሽ አይደለም አለች። የሚቆም ተጫዋች ይኖራል፤ ቆሞ ያካፈለ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር ታንኩ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ማንም አልለካውም። ለበላዮቿ ደወለችና የላሊበላው ክፍል አይዘጋም አለቻቸው። እኛ ፊት ነው የደወለችው። ብርቄ ሻንጣዋን ለእህቷ ሰጠች።

ዛሬ እያንዳንዱን ሞተር ሁለት ጊዜ እንለካለን። አንዱን «ባዶ መንገድ» እንለዋለን፣ ሌላውን «የሰው መንገድ»። ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አይደባለቁም።

ወደ ሥራው የምትመጡ ወጣቶች፣ ሞተር ስትለኩ የነዳችሁትን ብቻ ሳይሆን የቆማችሁበትንም ጻፉ። ያልተጻፈ ፌርማታ ደህናውን ሞተር ያስወቅሳል።