ከሶፋው ውስጥ የወጣው ቀለበት

ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም ጋሽ ስፖንጅ ነው የሚሉት። አሮጌ ሶፋ ስለሚያድስ ከፀጉሩ እስከ ካልሲው ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ አይጠፋበትም። እሱም አልከፋውም። በዚህ ጥሩኝ ብሎ የነገራቸው ስም ስለሌለ፣ በሰጡት ስም አቤት ይላል።

ወሬ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ደንበኛ መጥቶ ለማክሰኞ አድርስልኝ ካለው እሺ ነው፣ አይ ለሰኞ ይሁንልኝ ካለውም እሺ ነው። ከጎኑ የሚሠራው አናጢ፣ "ይሄ ሰውዬ እኮ ሊሰቅሉት ቢመጡ ገመዱን ልያዝላችሁ ነው የሚለው" እያለ ይስቅበታል። ጋሽ ስፖንጅም አብሮ ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አላት። የሰውን ሁሉ መቀመጫ ሲያሳምር የሚውል ሰው፣ እሱ ቤት እንግዳ ቢመጣ የሚያስቀምጥበት የለውም። ግን እንግዳ መጥቶበት ስለማያውቅ አልተቸገረም። ሚስት ነበረችው ይባላል። "ከዝምታህ ጋር ተኛ ብላው ነው የሄደችው" ይላል አናጢው። እውነቱን ይሁን ሲቀልድ አይታወቅም።

ሱቁ ውስጥ ከእሱ ሌላ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት አለች። እሱ ጨርቁን ለክቶ ይቆርጣል፣ እሷ በስፌት መኪና ትሰፋዋለች፣ ከዚያ እሱ ሶፋው ላይ ወጥሮ በምስማር ይመታዋል። እሱ እታለም ይላታል፣ እሷ ጋሼ ትለዋለች። ጀርባና ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ሲሠሩ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ንግግራቸው አብዛኛው ቁጥር ነው።

"ዘጠና በስድሳ።"

"ከነስፌቱ ነው ጋሼ?"

"ከነስፌቱ።"

በቃ፣ ይሄው ነው። አንዳንድ ቀን ከዚህ ሌላ ሳይናገሩ ደህና እደር፣ ደህና እደሪ ይባባላሉ።

ሥራ ፈልጋ የመጣች ጊዜ ወሬዋ ቀድሟት ነው የደረሰው። ታላቅ እህቷ ጋር ትኖር ነበር። የእህትየዋ ቀለበት ጠፋ። አንቺ ነሽ የሰረቅሽው ብላ ዘመድ ሰብስባ፣ በዘመድ ፊት ከቤት አስወጣቻት። ጋሽ ስፖንጅ ይህን ሰምቷል፣ ግን እውነት ነው ወይ ብሎ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ሥራውን ሰጣት። ሰዉም ምን ያለ ደግ ሰው ነው አለ።

ነገር ግን እሷ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ለመደ። ሱቁ ሲዘጋ ትልቁን መቀስና የነሐስ ምስማሮቹን በከረጢት አድርጎ ወደ ክፍሉ ይዞ ይገባል። ድሮ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያድሩት። ለጥንቃቄ ነው እንጂ ጠርጥሬ አይደለም ይላል፣ ለራሱ። ጠዋት ምስማሮቹን ሲያወጣ ግን ዓይኑ ዝም ብሎ ይቆጥራል።

አንድ ቀን ከሌላ ሰፈር አንዲት ወይዘሮ አስጠራችው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ የደላት ሴት ናት። ቤቷ ሲገባ ጫማውን አስወለቀችው። ሳሎኑ ውስጥ አራት ሶፋ አለ። ሦስቱ ከተገዙ ጀምሮ ፕላስቲካቸው አልወለቀም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። የመስታወቱ ቁምሳጥን ውስጥ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ሰሐንና ብርጭቆ ተደርድሯል። እሷ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ካለች አንዲት የእንጨት በርጩማ ነው የተነሳችው። እጀታዋ የተሸረፈች አንዲት ኩባያ መሬት ላይ አጠገቧ ነበረች።

"ይሄኛው ደበዘዘብኝ" አለችው አራተኛውን ሶፋ እያሳየችው። "ሰው ቢመጣ ያሳፍራል።"

"እሺ።"

"እንዳትቧጭርብኝ። በሩ ላይ ቀስ በሉ።"

"እሺ እትዬ።"

ሶፋው በፒካፕ ተጭኖ ሱቅ ደረሰ። የፒካፑ ጫኝ ሠራተኞች ሲያወርዱት የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ጋሽ ስፖንጅ ዞር ሲል ልብስ ሰፊዋ እግሯን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገች ሶፋውን ታየዋለች።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አለች። "የእህቴ ነው። እዚህኛው ጥግ ላይ ነበር የምተኛው።"

ጋሽ ስፖንጅ መለኪያውን አስቀመጠ። "ልመልሰው?" አላት።

"ለምን ትመልሰዋለህ? ሥራ አይደል? ስንት በስንት ነው?"

ለካላት። ሰፋችው። እንደሌላው ጊዜ ነው የሰፋችው።

በማግስቱ እሷ ክር ልትገዛ ወጣ ባለችበት ሰዓት መቀመጫውን ፈታ። ሶፋ ሲፈታ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይወጣል። ሳንቲም፣ ማበጠሪያ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዳንዴ የልጅ ጥርስ። ይሄ ለፈታው ሰው ነው፣ የሙያው ደንብ ነው፣ ደንበኛም ያውቀዋል። የዚያን ቀን ከመቀመጫው ሥር የተወጠረውን ጆንያ በጉጠት ሲነቅል አንድ ማበጠሪያ ወደቀ። ከማበጠሪያው ኋላ ቀለበት ወደቀ። ወርቅ ነው፣ አረንጓዴ ድንጋይ አለው። ጆንያው ጥግ ላይ ተቀዶ ኖሯል፣ በዚያ ነው የገባው።

አናጢው ሙጫ ሊዋስ ገብቶ ቆሞ ነበር።

"ኧረ ስፖንጅዬ! በለው! በቃ አለፈልህ!"

"የሰው ነው" አለ ጋሽ ስፖንጅ።

"የምን ሰው? ደንቡን አላወጣሁት እኔ። የፈታ ይወስዳል። የቆዳ መስፊያ መኪና አማረኝ እያልክ ስንት ዓመትህ ነው? ይኸው እግዜር በሶፋ ጠቅልሎ ላከልህ።"

እውነት ነው፣ የቆዳ መስፊያ መኪና ያምረው ነበር። ቆዳ ሶፋ በመጣ ቁጥር ለሌላ ሱቅ አሳልፎ ይሰጣል። ቀለበቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተውና ወጣ። ልስጣት ብሎ ያሰበው ለልብስ ሰፊዋ አልነበረም። ለእሷ ከነገራት ብዙ ነገር መናገር ይመጣል። ለቀለበቱ ባለቤት ልስጥ፣ እሷው ራሷ መጥታ እህቷን ይቅርታ ትጠይቃት፣ እኔ መሀል ምን ዶለኝ አለ። መሳሳቱ እዚህ ላይ ነው።

ወይዘሮዋ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ቀለበቱን ሲያሳያት ፊቷ መጀመሪያ በራ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከመቀመጫው ሥር እትዬ። ጆንያው ተቀዶ።"

 "የኔ አይደለም" አለች።

ጋሽ ስፖንጅ ዓይኑን ከቀለበቱ ወደ እሷ አነሳ።

"አይደለም አልኩህ! ምን ታፈጣለህ? የኔ ነው ብል፣ ያንን ሁሉ ዘመድ ሰብስቤ ሌባ ናት ያልኩትን ምን ላደርገው ነው? አጎቴ ሞቷል። አክስቴ ሌባ ናት እንዳለች ነው የሞተችው። ለማን ሄጄ ነው የምናገረው?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማ ወንድሜ። ወደነበረበት መልሰህ ስፋው። እነዚህን ሦስቱንም ሶፋ ላንተ እሰጥሃለሁ። መጋረጃውንም። የዓመት ሥራ ነው። እሺ?"

ያ አፉ የለመደው ነገር ወጣ።

"እሺ" አላት።

ሱቁ ተመልሶ ቀለበቱን ስፖንጁ ውስጥ ሸጎጠ። አዲሱን ጨርቅ ወጥሮ ከግራ ጎን መምታት ጀመረ። ከኋላው የስፌት መኪናው ይሄዳል። ግራውን ጨርሶ ፊቱን ያዘ። ፊቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መዶሻው እጁ ላይ ከበደው። ምስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን መታ። ቁጭ አለ።

"እታለም፣ ነይ እስቲ።"

መጣች። ምስማሩን ነቅሎ፣ እጁን ከቶ ቀለበቱን አወጣው። አልነካችውም።

"የት ነበር?"

"አንቺ የምትተኚበት ጥግ ነው። ጆንያው ተቀዶ ነበር።"

"ነገርካት?"

"ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"መልሰህ ስፋው አለች።"

"አንተስ ምን አልክ?"

መሬት መሬቱን አየ። "እሺ አልኳት።"

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ከዚያ መጎናጸፊያዋን አነሳች። "ጨርሰው። አብረን እናደርሰዋለን" አለች።

ፒካፑ ላይ ሶፋው ከኋላ ተጫነ፣ እነሱ ከሹፌሩ ጋር ከፊት ተቀመጡ።  ሠራተኞቹ ሶፋውን ሳሎን አስገብተው ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባችና የታደሰው ሶፋ ላይ ቁጭ አለች። ወይዘሮዋ እህቷን ስታይ ግድግዳውን ያዘች።

"እንዴት ነሽ እትዬ?"

 የታላቅየዋ ዓይን ሶፋው ላይ ነበር። "ስፌቱ ያንቺ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"የኔ ነው።"

"ቀጥ ብሏል።"

ታናሽየዋ ቀለበቱን ከጋሽ ስፖንጅ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ዘመድ አልሰበሰብኩም" አለች። "እኔና አንቺ፣ እሱ ደግሞ በር ላይ አለ። የኔ አይደለም ካልሽ ተይው፣ ይዤው እሄዳለሁ።"

ይሄኔ የወይዘሮዋ እጅ ፈጠነ። አንስታ ጣቷ ላይ አደረገችው። ጣቷ ወፍሯል መሰለኝ አንጓዋ ላይ ቀረ፣ ብትገፋውም አላልፍ አለ። አሁንም ትገፋዋለች።

"በቃ" አለች ታናሽየዋ ተነስታ። "የፈለግሁት ይሄንን ነው። ደህና ዋይ እትዬ።"

ሲመለሱ ሹፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ወረደ። ጋሽ ስፖንጅ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እታለም፣ እኔም አንድ ነገር አለብኝ። መቀሱንና ምስማሩን ወደ ቤት የማስገባው..."

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"እንዴት አላውቅ ጋሼ? ስድስት ዓመት እኮ ነው። ጠዋት ስትቆጥር ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር የምትናገረው። "እህቴ ክፉ ናት። ግን ፊት ለፊት ሌባ ነሽ አለችኝ፣ እኔም አይደለሁም ብዬ መለስኩላት። ላንተ ምን ብዬ እንድመልስልህ ነው? ደህና አደርሽ እያልክ ትቆጥራለህ።" ቀጥላም፣ "ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ፈልግ። የማዶው መጋረጃ ቤት ነይ ብሎኛል" አለች።

እሺ ሊል አፉን ከፈተ። አላለም። "አትሂጂ" አላት። እንዲህ ብሎ ሰው ለምኖ የሚያውቅ አይመስለኝም።

"እሄዳለሁ" አለች፣ ሳትቆጣ።

የወይዘሮዋ ሦስት ሶፋዎች አልመጡም። መጋረጃውም አልመጣ። ጋሽ ስፖንጅ የሁለት ትራስ ልብስ ራሱ ሊሰፋ ሞክሮ ስፌቱ እንደ እባብ ሄደበት። ፈታው፣ እንደገና ሰፋው።

በሦስተኛው ቀን አናጢው በሱቁ በር አንገቱን አስገባ። ውጭ ሰዎች ቆመው ነበር፣ ቆርቆሮ የሚቆርጠውም፣ ጎማ የሚጠግነውም።

"ስፖንጅዬ፣ ልብስ ሰፊህ የታለች? ነው ወይስ የለመደችውን አንስታ ላጥ አለች?"

ሰዎቹ ሳቁ። ጋሽ ስፖንጅ አብሮ አልሳቀም። የስፌት መኪናውን ትቶ ተነሳና በሩ ላይ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ ድምፁ ግን እስከ ጎማ ጠጋኙ ድረስ ተሰማ።

"አልሰረቀችም። የእህቷም ቀለበት ከሶፋው ውስጥ ነው የተገኘው፣ አንተ ራስህ አይተሃል። ስድስት ዓመት እንደ ሌባ ሳያት የኖርኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የሄደችው።"

 አናጢው ሙጫ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ጋሽ ስፖንጅ ትንሽ ቆሞ ጠበቃቸው፣ የሚጠይቀው እንዳለ ብሎ። ስላልጠየቁት ተመልሶ ገባና መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኑን አጨንቁሮ ታገለ።