የዘንዶው መተንፈሻ

ሥራ የጀመርኩት የወንድሜን ሥራ ለመጨረስ ነው። ታላቄ ሙላት በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ምንጭ የሚያጎለብት፣ ዙሪያውን ገንብቶ ውሃውን በቱቦ የሚያወጣ ግንበኛ ነበር። ታሞ ሲሞት አንድ ምንጭ ሳይጨርስ ቀረ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አርባው እንዳለፈ ፎርማኑ ጋሼ ደሴ መጥተው፣ «መዶሻውን ታነሣዋለህ?» አሉኝ። አነሣሁት።

ምንጩ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ አለት ሥር ነው። ዘንዶ አለበት ይባላል። ውሃው ሲሞላ ከአለቱ ውስጥ እንደ ወይፈን ያጓራል። «ቤቶች!» ብሎ ሳይጣራ ውሃ የሚቀዳ የለም።

«አንተም ተጣራ» አሉኝ የምንጩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሜቴ የሺ።

«ቤቶች!» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ።

አለቱ አጓራ። መዶሻውን ጥዬ ሮጥኩ። ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

«ወንድሙም ሮጦ ነበር፤ እሱማ ጅጋ ከተማ ሊደርስ!» አሉ እሜቴ የሺ። ሙላት ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ዕለት ነው።

የቀረው ሥራ ጥቂት ነበር። ግንቡ ቆሟል፤ ቱቦው ተገጥሟል። ከግንቡ በላይ ግን፣ አለቱ ላይ፣ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የወንድሜ ሥራ ጎደሎ ነው እንዳይባል ብዬ ደፈንኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። ልስኑንም አሳመርኩት።

በሳምንቱ እሜቴ የሺ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ።

«ዘንዶውን ገደልክብን!»

«ምን አደረግኩ፣ እሜቴ?»

«ዝም አለ። ከእንግዲህ ማን ይፍራ? ከብቱ ግንቡ ሥር ድረስ ገብቶ ይጠጣል። ትናንት አንዱ ሞተር ብስክሌቱን አጠበበት! ሙላት ያን ቀዳዳ፣ የዘንዶውን መተንፈሻ፣ አውቆ ነው የተወው። ‹ከዘበኛ ይሻላል፣ አይተኛም› ብሎን ነበር።»

የሙላት የመጨረሻ ሥራ በእኔ እጅ ሊበላሽ ነው። አፈርኩ። ጋሼ ደሴ አዩኝና፣ «በል፣ መሮ ያዝ» አሉ።

ምንጩ ዘንድ ተመልሰን የደፈንኩትን ግማሽ ቀን ፈለፈልኩ። «ሲሚንቶውን አልሰሰትክም» እያሉ ጋሼ ደሴ ይቀልዱብኛል። በመጨረሻ ተከፈተ። እሜቴ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ቤቶች!» አሉ።

ምንም የለም።

ደግመው ተጣሩ። ቆየት ብሎ፣ ከጥልቅ፣ አጓራ። ሁለት ላሞች ገመዳቸውን በጥሰው ሄዱ። እልልታው ቀለጠ። እኔም አብሬ ጮህኩ።

ጋሼ ደሴ ለእሜቴ የሺ ያስረዱ ጀመር፦ «ውሃው ሲሞላ አየሩን በቀዳዳው ይገፋዋል፤ ድምፁም...»

«እሱንማ እናውቃለን» አሉ እሜቴ የሺ። «ለሞተረኛው ግን አትንገሩብን።»

ቀዳዳው ላይ ቆሻሻ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ብቻ አሰርኩበት።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሌላ ግንበኛ በተረከብኩት ሥራ ላይ ክፍት ቀዳዳ ካየሁ መጀመሪያ ሰፈሩን እጠይቃለሁ። ሲሚንቶ የማቦካው ከዚያ በኋላ ነው።