የመስመር ዳኛው ባርኔጣ

ፌርፋክስ ላይ የምሠራበት የቅመም ሱቅ ደጃፍ ላይ ከሰዓት ከሰዓት ወንበር ስበው የሚቀመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ ሠላሳ ዓመት የኳስ መስመር ዳኛ ሆነው ሠርተዋል። ልጃቸው ወደዚህ ወደ አሜሪካ ካመጣቻቸው ወዲህ የሚዳኙት ኳስ ስላጡ እኛን ይዳኛሉ። ሚጥሚጣ ስመዝን "አጎደልሽ!" ይላሉ፤ መኪና ፓርክ የሚያደርገውን ሁሉ "መስመር ነክቷል!" ብለው እጃቸውን ያነሱበታል።

አንድ ቀን በርበሬያችንን የለመደ አሜሪካዊ ደንበኛ፣ "ቅዳሜ ከተማ ውስጥ አልኖርም" ብሎ ሁለት የሆኪ ትኬት ሰጠኝ። እኔ ስለ ሆኪ የማውቀው በረዶ ላይ የሚጫወቱት መሆኑን ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄዳሉ?"

"ዳኛ አለው?"

"ሳይኖረው ይቀራል?"

"እንግዲያው እሄዳለሁ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቡናማ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሁለቱንም የኮት ኪሳቸውን የገብስ ቆሎ ሞልተው መጡ። ቦታችን ሜዳውን ከከበበው መስታወት አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ገለበጡና ቆሎውን እንዳለ ዘረገፉበት። ከዚያው እየዘገንን እየቆረጠምን ጨዋታውን ተያያዝነው። ዳኞቹን ግን ጨርሶ አልወደዷቸውም።

"ሰውን ከግድግዳ ሲያላትሙት ዝም ይባላል? ሆ!"

ከባለሜዳዎቹ አንዱ ልጅ አንድ አገባ። ደገመ። ሦስተኛውን ሲያገባ ጋሼ "ሀትሪክ!" ብለው ሳይጨርሱ አንድ ኮፍያ በአናታችን ላይ አልፎ በረዶው ላይ አረፈ። ሌላ ተከተለ። ከዚያ አየሩ ሁሉ ኮፍያ ሆነ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን እንዳቀፉ ሸርተት ብለው በወንበሮቹ መሃል ተሸጎጡ።

"ጎንበስ በይ ልጄ! ሕዝቡ ተቆጥቷል! ቀጥሎ ጠርሙስ ነው!"

ጎንበስ አልኩ። በሥራ ዘመናቸው ብርቱካን፣ ጫማ፣ አንዴም የተቀቀለ ድንች የተወረወረባቸው ሰው ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ አልከራከራቸውም።

ከፊታችን የተቀመጠች ፊቷን በቀለም የተቀባች ሴትዮ ዞር ብላ መሬት ላይ አየችን። "ኦኬ ናችሁ?" አለች። ሰዉ ለምን እንደተናደደ ጠየቅኋት። ሳቋ እያቋረጣት፣ አንድ ተጫዋች ሦስት ሲያገባ ኮፍያ የሚወረወረው በደስታ መሆኑን ነገረችኝ። ለጋሼ ተረጎምኩላቸው።

"በደስታ?"

"አዎ፣ በደስታ።"

"ፖሊስ አይዝም?"

"ኧረ አይዝም።"

ቀስ ብለው ተነሱ። የሱሪያቸውን ጉልበት አራገፉ።

"ዕድሜ ልኬን ሲወረወርብኝ ኖርኩ። ዛሬስ ተራው የእኔ ነው!"

ባርኔጣውን ባለ በሌለ ጉልበታቸው ወረወሩት። ከነቆሎው።

ባርኔጣው መስታወቱን ዘሎ ገባ። የቆሎው ግማሽ በሴትዮዋ ፀጉርና በጎረቤቷ ቢራ ውስጥ ቀረ፤ ግማሹ በረዶው ላይ ተዘራ። ኮፍያዎቹ ተለቅመው ቶሎ አለቁ። ቆሎው ግን እምቢ አለ። በአካፋ ቢገፉት ይበተናል፣ በመጥረጊያ ቢጠርጉት ይንከባለላል። ከላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ላይ አንድ ሠራተኛ ተንበርክኮ ፍሬ በፍሬ ሲለቅም ታየ። አንስቶ ሲያሸተው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ወዲያው ጥበቃ መጣ። "ማን ነው የወረወረው?"

ጋሼ እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸው ቀኝ እጃቸውን ቀጥ አድርገው አነሱ።

"ምንድነው ነገሩ?" አለኝ ሰውየው።

"የተቆላ ገብስ።"

ጣቱን ቀሰረብን። "ኮፍያ ይቻላል። ገብስ አይቻልም። ከተደገመ ትወጣላችሁ።"

"ምን አለ?" አሉኝ ጋሼ።

"ማስጠንቀቂያ ነው።"

"ቢጫ ማለት ነዋ?"

"አዎ፣ ቢጫ።"

"ትክክል ነው" ብለው ተቀመጡ። "እዚህ ቤት ያለው ዳኛ እሱ ብቻ ነው።"

ሴትዮዋ ከፀጉሯ አንድ ፍሬ አውጥታ ቀመሰች። ቀጥላ ሌላ ፈለገች። ጨዋታው ሲያልቅ እየለቀመች ነበር፤ ሦስት ያገባው ልጅ ቡድን አምስት ለሦስት መሸነፉን ልብ ያለችውም አይመስለኝ።

በማግስቱ የጋሼ ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ የቀኝ ትከሻቸው ተይዞ ሸሚዝ መልበስ አቅቷቸዋል።

"ጨዋታ ሊያዩ አይደል እንዴ የሄዱት? ምን ሲያደርጉ ነው?"

እውነቱን ነገርኳት። "አንቺ ደግሞ ቀልድ ትወጃለሽ" ብላ ዘጋችብኝ።