ለጸሐፊዋ ያልኳት «ሃጋርድ»

ሆላንድ አገር፣ ዴንሃግ ከተማ ቢሮ ሳጸዳ ከሠራተኞቹ ሁሉ የምታዋራኝ አንዲት እንግሊዛዊት ጸሐፊ ብቻ ነበረች። ታማ ሰንብታ ስትመለስ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ «ውይ፣ ምነው ከሳሽ?» ይባላል፤ ዝም ያለ እንዳልናፈቀ ይቆጠራል። እኔንም ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ «ሃጋርድ» ማለት በድካምና በጭንቀት ፊቱ የተጎሳቆለ ማለት ነው ብለው አስተምረውኛል። «ውይ እህቴ፣ ሃጋርድ ሆነሻል!» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ደንግጣ አየችኝ። ቦርሳዋን አንስታ መጸዳጃ ቤት ገባች። ስትወጣ ከንፈሯን ተቀብታለች፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ማታ አብራኝ ለምትኖረው ልጅ ስነግራት ሳቀችብኝ። «አንቺ ደፋር! እዚህ እኮ ‹አምሮብሻል› ነው የሚባለው።»

«ውሸት ነዋ!»

«ውሸትም ቢሆን በያት!»

በማግስቱ አልኳት። «አመሰግናለሁ» ብላ ወደ ታይፗ ዞረች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንጂ ወሬ የለንም። ወለሉን እወለውላለሁ፣ እሷም እግሯን ታነሳልኛለች።