ክልክሉ በርሜል

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰሊጥ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን። እኔ ሽንፋ አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ በሚቆፍሩ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ዘበኛ ነበርኩ። ነገሩ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ፤ ጥርሱስ የለም፣ ድዴን ነው።

ከግራሩ ሥር ውኃ የሞላ ቀይ በርሜል ነበር። «እንዳትነካ» አሉኝ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እኔ ብልጡ ግን ወዲያው ገባኝ፦ አለቆቹ ቀዝቃዛ ውኃ ለራሳቸው ደብቀዋል!

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱ ስድስት ሳሉጎች፣ የወቅት ሠራተኞች፣ መጡ። ደሳለኝ የሚሉትን ጎጃሜ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። «ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ተጣበቀ» አለኝ። ቆላ ውስጥ ውኃ የከለከለ ሰው አይባልም። በርሜሉን ከፍቼ አጠጣኋቸው፤ ራሳቸው ላይም አፈሰስኩላቸው። ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ ደሳለኝ ጀርባውን አስደግፎበት ተኛ። እኔም እንደ ደግ ባላባት አጠገቡ ተቀምጬ ወሬዬን ሰለቅሁ። ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

አሥር ሰዓት ግድም የመሣሪያዎቹ ባለሙያ መጣ። በእጁ የያዘው መለኪያ ከሩቅ መንጣጣት ሲጀምር ባለበት ቆመ።

«አንተ ሰውዬ! ዞር በል! ውኃውን ማን አጎደለው?»

«ምነው? መርዝ አለበት?»

«ውኃውስ ደህና ነው። መሃሉ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የጉድጓድ መመርመሪያ አለ፤ ጨረር ይረጫል። የእርሳስ ብረት መያዣው ስለተሰነጠቀ ነው ውኃ ውስጥ የከተትነው። ውኃ ያደክመዋል፤ አየር ግን አይመልሰውም። አንተ ገለጥከው።»

«ሙሉ ሳለስ?»

«ሙሉ ሳለም ውኃው ውስጥ እየተላተመ አቅጣጫ ቀይሮ የሚወጣ አለ። አጠገቡ በቆየህ ቁጥር ሰውነትህ ላይ ይጠራቀማል።»

እንደ እኛ አገር ሙቀት መሆኑ ነው፤ ጥላ ውስጥም ያገኝሃል። የባለሙያው ደረት ላይ የተቀበለውን ጨረር የምትመዘግብ ትንሽ ካርድ ተሰክታለች። የደሳለኝን ማን መዘገበው?

«ሰዎቹ ሐኪም ይያቸው» አልኩት የካምፑን አለቃ።

«የወቅት ሠራተኛ የት ይገኛል?»

«ያውና ሲያጭዱ ይታያሉ!» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ራሴ ሄጄ ለደሳለኝ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ውኃ አጠጥተው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃሉ?» አጨዳው ሲያልቅ አገሩ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም።

እኔ ይኸው አለሁ። «ራሴን የመለጠኝ ያ ጨረር ነው» ስል ሚስቴ «ስታገባኝም በራ ነበርክ» ትለኛለች። በደሳለኝ ግን አልቀልድም። ውኃ በማጠጣቴ አልጸጸትም፤ እዚያ በማስተኛቴ እንጂ። «እንዳትነካ» ለማለት የተከፈተ አፍ «ለምን» የምትለዋን ለመጨመር ምን ያዘው?