ለድንች የተለቀቀ መደብ

አያቴ በየዓመቱ የዘር ድንቹ እስኪጎነቁል ድረስ መኝታቸውን ይለቁለት ነበር። ብርሃን ደህና አድርጎ የሚያርፈው በሩ አጠገብ ካለው መደባቸው ላይ ነው። ድንቹን አንድ በአንድ እዚያ ደርድረው፣ እሳቸው አጎዛቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ይተኛሉ።

«አባባ፣ ብርዱ አይጎዳዎትም?» ስላቸው፣ «እኔስ የትም ይነጋልኛል። ብርሃን ያላገኘ ቡቃያ ግን ሲነኩት ይሰበራል» ይሉኝ ነበር።

ያረፉትም ድንቹ መደቡ ላይ እንዳለ ነው። ለቅሶ ደራሹ ከኮን ከተማ ሳይቀር መጥቶ ቤቱ ሲሞላ፣ ሰው እንዲቀመጥ ብዬ ድንቹን ጆንያ ውስጥ ልጨምር ተነሳሁ። የንስሐ አባታቸው እጄን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ የደከሙበትን አትንኪባቸው» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሽማግሌዎቹም፣ ሌላውም ሰው ተከትሏቸው መሬት ተቀመጠ። እንባዬ እየወረደ በአያቴ ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ድንቹን ተከልን። አንድም ቡቃያ አልተሰበረም።

በየዓመቱ ተክለን ስንመለስ አጎዛቸውን መደቡ ላይ መልሼ የማነጥፍላቸው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮም እጄ እንደለመደው መደቡን ጠርጌ አነጠፍኩላቸው። እስካሁን አላነሳሁትም።