ባዶ የተውኳቸው መስመሮች

ራሷ መዞር የማትችል አሮጊት ለማገላበጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ትራሱን ከጀርባዋ ማውጣት፣ አንሶላውን ይዞ ወደ ሌላው ጎኗ ማዞር፣ ትራሱን መልሶ መደገፍ፤ በቃ። በየሁለት ሰዓቱ ይህ ካልተደረገላት ቆዳዋ ይሞታል። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

እኔ በሠራሁበት፣ አሜሪካ ኮለምበስ ከተማ ባለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ግን ከማገላበጡ ፊርማው ይቀድም ነበር። በየአልጋው ራስጌ ቅጽ ተንጠልጥሏል፤ ለአንድ ሺፍት አራት መስመር አለው። የከሰዓት ገቢዎቹ ገና ኮታችንን ሳናወልቅ አራቱንም ፈርመን ነበር ሥራ የምንጀምረው። ያስተማረችኝ አለቃችን ናት። የአገሬ ልጅ፣ ነርስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከዘማሪዎቹ ፊት የምትቆም፣ እኔንም ያስቀጠረችኝ እሷው ናት። "በኋላ ቢዚ ስለምንሆን አሁኑኑ ሳይን አድርጊው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" አለችኝ። አደረግሁ። ይህን አልደብቅም።

ኮሮና የገባበት 2020 ነበር። ግማሹ ሠራተኛ ታሟል፣ የቀረነው እንሮጣለን። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ የአንዷን አሮጊት ዳይፐር ልቀይር ስገለብጣት ሽታው ቀደመኝ። ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቆዳዋ ተከፍቶ ጎድጉዷል፤ ውስጡ ቢጫ ነው። ቀና ስል ራስጌዋ ላይ በዚያ ከሰዓት አራት ጊዜ እንዳገላበጥኳት የሚናገር የገዛ ፊርማዬን አየሁ። አንድም ጊዜ አልነካኋትም ነበር። ከቁስሉ ይልቅ ፊርማዬ አስጠላኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያላደረግሁትን አልፈርምም አልኩ። ሁለቴ ካገላበጥኳት ሁለቱን እፈርማለሁ፣ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ስለ ቁስሉም ለቢሮው ተናገርኩ፤ እናየዋለን አሉኝ። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ቀጥላ "አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ እግዚአብሔርን የምትፈሪው?" አለችኝ። በኋላ ጭራሽ መናገር ተወች፤ ሌሎቹም የምሳ ጠረጴዛ ላይ ፊት ነሱኝ።

ጎብኚ መግባት ስለተከለከለ የአሮጊቷ ልጅ በየቀኑ ውጭ ሣሩ ላይ ቆማ በመስኮት ነበር እናቷን የምታያት። አንድ ቀን እዚያው ሆና ስልክ ደወለች። አለቃዬ በዚያ ለስላሳ የስልክ እንግሊዝኛዋ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንደምናገላብጣትና ሁሉም ቅጹ ላይ እንደሰፈረ ነገረቻት። ሴትየዋ ከመስታወቱ ማዶ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አሮጊቷን አምቡላንስ ወሰዳት፤ አልተመለሰችም። ልጇ ወረቀቶቹን ጠየቀች። ያኔ የእኔ ባዶ መስመሮች ጉድ አፈሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሊንደን ሰፈር ያለው አፓርታማዬ በር ተንኳኳ። ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ናቸው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ስር አውርደዋል። ለካ አለቃዬ ሽማግሌ ልካብኝ ኖሯል! ሰው የሞተበትን ነገር እንደ ሁለት ሴቶች ኩርፊያ ቆጥረው ሊያስታርቁን መጡ። ተጸለየ። ሻይ አቀረብኩ።

"ልጄ" አሉ ታላቅየው፣ "እህትሽ እኮ ናት። ሥራ ያስገባችሽም እሷ ናት። ይቅር በያት።"

"ጋሼ፣ እኔ ከእሷ ጋር አልተጣላሁም።"

"ካልተጣላሽማ ምን አስቸገረሽ? የነርስነት ላይሰንሷን ሉዝ ልታደርግ ነው፤ ሊቀሟት ነው። የልጆች እናት ናት።"

ይህን ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። ጥቅስ ሊያነቡልኝ መስሎኝ ነበር። ከገጾቹ መሀል የታጠፉ ቅጾች አወጡና ከሻዩ አጠገብ ዘረጓቸው። ያሮጊቷ ቅጾች ናቸው። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አስከተሉ። "ባዶዎቹን ብቻ ሳይን አድርጊና ነገሩ እዚሁ ይለቅ።"

"ሴትየዋ እኮ ሞታለች፣ ጋሼ።"

"እሷማ ሄደች። ያለችውን እናስብ እንጂ።"

ሁለተኛው ሽማግሌ ጫማቸውን እያዩ ነበር። ሥራዬ፣ ቤተ ክርስቲያኔ፣ እዚህ ከተማ የማውቀው ሰው ሁሉ እዚያ እስክሪብቶ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አውቀዋለሁ፣ እሳቸውም ያውቁታል። ቅጾቹን አጥፌ መለስኩላቸው። "ትዕቢት ነው፣ ልጄ" አሉና ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ መልሰው ሊከቱ ሲሉ ትዕግሥቴ አለቀ። "እዚያ አይክተቱት! ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት" አልኳቸው። ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሜ ከሥራ ስኬጁሉ ጠፋ። ባዶዎቹን ሌላ ሰው እንደሞላቸው ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለአሮጊቷ ልጅ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ መልስ አላገኘሁም። የእሁድ ጸሎት ያኔ በዙም ነበር። ካሜራዬን አጥፍቼ ስከታተል "ልቧ ስለደነደነ አንዲት እህት" ተጸለየ። አለቃዬ ከሁሉም ጮክ ብላ አሜን አለች። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት፤ ተመልሼም አልገባሁም። ግሮቭ ሲቲ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ጀመርኩ። ካርቶን ቢያንስ ባንድ ጎኑ ቢተኛ አይቆስልም።

በ2022 አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። የድሮዋ አለቃዬ ናት። እናቷን ከአዲስ አበባ አምጥታቸው ነበር፤ ስትሮክ መቷቸው ግማሽ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። "ከኤጀንሲ የሚልኩልኝን ሰዎች ትረስት አላደርጋቸውም" አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። "አንቺ ያላደረግሽውን አትጽፊም። እባክሽ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ።"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልዘጋው ነበር። ግን እናቷ ምን አደረጉኝ?

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። አልጋቸው ራስጌ ያንኑ ቅጽ አትማ ለጥፋዋለች። እጄን ታጥቤ ገለበጥኳቸው፤ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ መቅላት ጀምሯል። "ተባረኪ፣ ልጄ" አሉኝ። ትራሱን ደገፍኩላቸውና ሰዓቴን አይቼ አንዱን መስመር ፈረምኩ። ከእኔ በላይ ያሉት ሁለት የጠዋት መስመሮች ባዶ ነበሩ። ጠዋት ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ወደ ቅጹ ጠጋ አለች። እናቷ ያዩዋታል። እጇ መስመሩ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሳትፈርም እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

ለካ ትችል ኖሯል።